ከኢሚዩኖቴራፒ በኋላ የመጣ ቁርጥማትን እንዴት መከታተል ይቻላል

ደሴ ላይ ጠዋት ጣት አልታጠፍ ቢል ማንም አይደነግጥም። «የጦሳ ብርድ ነው» ይባላል፤ ጋቢ ይደረባል፣ ቡና ይፈላል። ለካንሰር ኢሚዩኖቴራፒ የሚወስድ ሰው ግን ነገሩን ለብርድ ሰጥቶ ዝም ማለት የለበትም።

እንደ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ ያሉ መድኃኒቶች ዕጢውን በቀጥታ አይገድሉም፤ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ኃይል የያዘውን ልጓም ይፈቱታል። ልጓሙ የተፈታለት ኃይል አንዳንዴ ጤነኛውን መገጣጠሚያም ያጠቃል። ይህ በሳምንታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል፤ ከወራት በኋላ፣ ሕክምናው ካበቃ ወዲያም የሚመጣበት ጊዜ አለ።

1. ሕመሙ መቼ እንደሚብስ ይለዩ

በሥራ ብዛት የመጣ ሕመም ሲያርፉ ይቀላል። የዚህኛው ጠባይ ሌላ ነው፦ ሌሊቱን አርፈው ሲነሱ ይበረታል፣ ሲንቀሳቀሱ ይፈታል። ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ ግትር ብሎ ከቆየ ምልክት ነው። የቤት ሥራ ጥሩ መመርመሪያ ነው፦ ዘነዘና መጨበጥ፣ የጀበናውን አንገት ይዞ ማንሳት፣ ቀለበት ማውለቅ። ትከሻና ዳሌ ላይ ሲሆን ደግሞ ነጠላ ማጣፋት ወይም ከሱጁድ መነሳት ይከብዳል።

2. ይመዝግቡ፣ ፎቶ ያንሱ

የመጨረሻውን መድኃኒት የወሰዱበትን ቀን፣ የታመመውን መገጣጠሚያና ግትርነቱ የቆየበትን ጊዜ ይጻፉ። ዕብጠቱን በዚያው ጠዋት በስልክ ፎቶ ያንሱ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ዕብጠቱ ጎድሎ ሊጠብቅዎት ይችላል።

3. እስከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ

ያበጠ መገጣጠሚያ ለወጌሻ አይሰጥም። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን የተባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ያለ ማዘዣ ገዝቶ መዋጥ ሕመሙን ደብቆ ምርመራውን ያበላሻል፤ ለረጅም ጊዜ ወስደው በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። ዳይክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ ኩላሊትን ስለሚጎዳ፣ ኢሚዩኖቴራፒውም ራሱ ኩላሊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ ሳይጠይቁ አይጀምሩት። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ በእነሱ ምክንያት መድኃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ።

4. ለካንሰር ሐኪምዎ ሳይደብቁ ይንገሩ

ብዙ ሰው የሚደብቀው «ሕክምናዬን ያቋርጡብኛል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ቀላል የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኢሚዩኖቴራፒውን ይቀጥላል። ተደብቆ የከረመው ነው ሕክምናውን የሚያስቆመው።

ሐኪሙ የደም ምርመራና ራጅ ሊያዝ ይችላል፤ ካንሰሩ ወደ አጥንት አለመዛመቱንና ኢንፌክሽን አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ጥሬ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም መገጣጠሚያ ያማል። ለቀላሉ ማስታገሻ ይበቃል። ከበረታ በትንሽ መጠን የሚጀምርና ቀስ በቀስ የሚቀነስ ፕሬድኒሶሎን፣ አንዳንዴም በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ይታዘዛል፤ አልተው ካለ የመከላከል ኃይሉን የሚያበርደው ሜቶትሬክሴት ሊጨመር ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ጠዋት ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ፣ ጾም ወይም ረመዳን ከሆነ ሰዓቱን አስቀድመው ይነጋገሩበት።

5. ቀጠሮ የማይጠበቅበት

ከሕመም ይልቅ ድካም ያስፈራል። ከበርጩማ መነሳት ወይም ክንድ ማንሳት ካቃተዎት፣ የዓይን ቆብ ከወደቀ፣ መዋጥ ካስቸገረ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ፣ ጡንቻው፣ ምናልባትም ልብ፣ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት ኖሮ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ቀልቶ ቢያብጥም እንዲሁ ያድርጉ።

የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ይዘው፣ ድንገተኛ ክፍል እንደገቡ የሚወስዱት ኬሞቴራፒ ሳይሆን ኢሚዩኖቴራፒ መሆኑን ይናገሩ፤ የሁለቱ ጉዳትም ሕክምናውም ይለያያል።