እረፍት ያጣው የኦክስጅን ማምረቻ ኮምፕረሰር

ለሆስፒታላችን ኦክስጅን ማምረቻ አየር አምቆ የሚልከው ኮምፕረሰር እረፍት አጥቶ ነበር። ታካሚ ሲቀንስም ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጀነሬተሩን ናፍጣ ይጨርሰዋል። ናፍጣ ባነሰ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ በዚያ ኦክስጅን የሚተነፍሰው ሕፃን ነው። «አርጅቷል፣ ይቀየር» ተባለ። እኔ ግን መጀመሪያ የአየር መስመሩን ልፈትሽ አልኩ።

ሕሙማኑን ወደ መጠባበቂያ ሲሊንደር አዛውረን ወደ ማምረቻው የሚሄደውን ቫልቭ ዘጋሁ። ኮምፕረሰሩ የአየር ታንኩን ሞልቶ ቆመ። አየሩን የሚጠቀም ምንም ነገር የለም። የግፊት መለኪያው ግን ወረደ፤ ኮምፕረሰሩም ተመልሶ ተነሳ። አየር እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀባሁ። አንዳንዶቹ ላይ አረፋው ተነፋ። ዋናው ጉድ ግን ከታመቀው አየር ታንኩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ማስወገጃው ነበር፤ ዝገት ገብቶበት አልዘጋ ብሎ ሌት ተቀን አየር ይተፋል። ግፊቱን በሙሉ አስወጥቼ ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ጎሚኒውን ቀየርኩ። የሚያፈስሱትን መገጣጠሚያዎች በቴፍሎን ቴፕ ጠቅልዬ መልሼ አሰርኩ።

ግፊቱንም የማሽኑ መመሪያ በሚፈቅደው ልክ ከ8 ወደ 7 ባር አወረድኩ። ይህ ብቻውን የኮምፕረሰሩን የኃይል ፍጆታ በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የኦክስጅኑን ንጽሕና ስለካ ከ90 በመቶ በላይ ነው። አሁን ኮምፕረሰሩ ሞልቶ ያርፋል፤ የሳሙናው ፍተሻም ወርሃዊ የጥገና ሥራችን ውስጥ ገብቷል።