ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዛችሁ ፎቶ እያነሳችሁ ከተማ ልትዞሩ ነው?

በመጀመሪያ ስለ ፊልሙ፣ ባለ 400 አይኤስኦ ያዙ በቃ (አይኤስኦ ማለት ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ነው)። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ይሁን ኮዳክ ትራይ-ኤክስ ብዙ አትጨነቁ፣ ግን ጉዞውን ሙሉ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፣ አንዱን ስትለምዱት ብርሃኑን በዓይን መገመት ትጀምራላችሁ። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ፊልም ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉ፣ የዛኛው ኤክስሬይ ኃይለኛ ስለሆነ ያበላሸዋል። ግልጽ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ራሳችሁ ያዙትና ፍተሻ ላይ "በእጅ እዩልኝ" በሉ፣ በተለይ ሲቲ ስካነር የሚባለው ማሽን ካለ።

ፊልሙን ካሜራው ውስጥ አስገብታችሁ ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላ ወዲያው አትሮጡ። በግራ በኩል ፊልሙን መልሳችሁ የምትጠቀልሉባት ቁልፍ አለች አይደል፣ እሷን ቀስ አድርጋችሁ በቀስቱ አቅጣጫ አዙሯት፣ ጠበቅ ስትል አቁሙ። ከዛ ፊልሙን ለቀጣዩ ፎቶ ስትስቡ ቁልፏ ራሷ አብራ መዞር አለባት፣ ካልዞረች ፊልሙ አልያዘም። እኔ ይቺን ሳላይ አንድ ቀን ሙሉ ዞርኩ፣ ቆጣሪው የሮሉን 36 ፎቶ አለፈ፣ አሁንም ይሳባል፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ስከፍተው የፊልሙ ጫፍ እንዳስገባሁት ቁጭ ብሏል።

ላይት ሜትር (ብርሃን መለኪያ) ከሌላችሁ ወይ ባትሪው ከሞተ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) 16 ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ ሹተሩን ሳትነኩ ደመና ሲሆን አፐርቸሩን 8፣ የሕንፃ ጥላ ውስጥ 5.6 ወይ 4። ከተጠራጠራችሁ ብርሃን ጨምሩ፣ ኔጋቲቭ ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንሰው ግን ጥላው ባዶ ይቀራል፣ ምንም ብታደርጉ አይመጣም። ፎከስ ላይም ጊዜ አታጥፉ፣ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁ አፐርቸር 8 አድርጋችሁ 3 ሜትር ላይ ተዉት፣ ከ2 እስከ 7 ሜትር አካባቢ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ማንሳት ብቻ ነው።

ዋናው ግን ምን እንደምታዩ ነው። ቀለም ያታልላል፣ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ቀይ ልብስ የለበሰች ሴት በዓይን ስትታይ ቆንጆ ናት፣ ፊልሙ ላይ ግን ሁለቱም አንድ አይነት ግራጫ ሆነው ሴትየዋ ግድግዳው ውስጥ ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና ብርሃን የት እንደወደቀ ፈልጉ። ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ጠባብ መንገድ ግቡ፣ በሁለት ሕንፃ መሃል ፀሐይዋ አስፋልቱ ላይ ቀጭን መስመር ትሰራለች። የመስመሯን ብርሃን ለክታችሁ ቁሙና ሰው እስኪገባባት ጠብቁ፣ ከኋላ ያለው ጥላ ይጥቆር፣ እዚህ ጋ የምንፈልገውም እሱን ነው። አስር ደቂቃ መቆም ይሰለቻል፣ እኔ ግን አስር ሰፈር ከመሮጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ፊልተር ከያዛችሁ ቢጫው ይበቃል፣ ሰማዩን ትንሽ አጥቁሮ ደመናውን ያወጣዋል፣ የሚወስደውም አንድ ስቶፕ ገደማ ነው፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ቀዩ ሦስት ስቶፕ ይበላል፣ በእጅ ይዞ ለሚዞር ሰው አይመችም።

ማታ ማታ ለማንሳት የካሜራውን አይኤስኦ 1600 ላይ አድርጉት፣ ግን ሮሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዛው ጨርሱ፣ አንድ ሮል የሚታጠበው ባንዴ ነው። ጨርሳችሁ ስታወጡትም ቆርቆሮው ላይ በማርከር 1600 ብላችሁ ጻፉ፣ የሚያጥበው ሰው ካልተነገረው እንደ 400 ነው የሚያጥበው።