ልጅዎ ቤት ውስጥ በስክሪን ሲማር አንገቱን፣ እግሩን ወይም ዓይኑን ካመመው

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የልጄ ክፍል ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፋ፣ ወደ ቡናው ጠረጴዛ እጥፍ ብላ ስትጽፍ በቀን ውስጥ ደጋግሜ «ቀጥ በይ» እላት ነበር። ቀጥ ትልና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ትጎብጣለች። ዓይን ስክሪኑን፣ እጅ ደብተሩን መከተሉ ግድ ስለሆነ፣ ልጅን ከመቆጣት በፊት መቀመጫውንና ጠረጴዛውን ማስተካከል እንደሚገባ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንገትና ትከሻ ሲያም

የተለመደው ምክንያት የስክሪኑ ዝቅ ማለት ነው፤ ጭንቅላት ወደ ፊት ባዘነበለ መጠን የአንገት ጡንቻዎች የሚሸከሙት ጫና ይጨምራል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከልጁ ዓይን ትይዩ እንዲሆንና አንድ ክንድ ያህል እንዲርቅ ከሥሩ ወፍራም መጻሕፍት ይደርድሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ኪቦርዱም አብሮ ከፍ ብሎ ትከሻን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውዝ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ልጁ በሚያዳምጥበት ሰዓት ከፍ፣ በሚጽፍበት ሰዓት ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

እግር ሲደነዝዝ፣ ወገብ ሲደክም፣ ልጁ አንድ ቦታ አልረጋ ሲል

አለመርጋቱን ብዙ ወላጅ እንደ ጠባይ ችግር ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የልጁን እግር ነው። የምግብ ጠረጴዛ ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር፣ ወንበሩም 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱም በአዋቂ ልክ የተሠሩ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ እዚያ ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን በደንብ ስለማይረግጥ የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ከሥር ይጫነዋል፤ ነርቭና የደም ሥር ሲጫኑ እግሩ ይደነዝዛል። ወለሉን ለመርገጥ ወደ ፊት ሲንሸራተት ደግሞ ጀርባው ከመደገፊያው ይለያል።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ክርኑ ከጠረጴዛው ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ያንጥፉ፤ ለስላሳ ስፖንጅ ስለሚሰምጥ አይረዳም። ይህ እግሩን ይበልጥ ስለሚያንጠለጥለው፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሩ ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት በርጩማ ወይም የማይንሸራተት ሳጥን ከሥር ያስገቡ። በመጨረሻም ከጀርባው ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ፎጣ ይሙሉት። ለልጄ ያስገባሁላት የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ነበር፤ በማግስቱ እግሯን ማወዛወዝ አቆመች።

ዓይን ሲያቃጥልና ራስ ሲያም

ሰው ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ዓይኑን ማርገብገብ ስለሚቀንስ ዓይኑ ይደርቃል፤ ከኋላው ያለ መስኮት ስክሪኑ ላይ ሲያንጸባርቅ ደግሞ ይብሳል። መስኮቱ ከጎን እንዲሆን ጠረጴዛውን ያዙሩት፤ ልጁም በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከግቢው ማዶ ያለ ዛፍ ይመልከት። ከትምህርት በኋላ በቀን ብርሃን ደጅ መጫወቱም፣ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር እንዳይጀምረው ይረዳል። ስክሪኑን ካራቁለት በኋላ ተመልሶ ፊቱን የሚያስጠጋ ከሆነ ግን መነጽር ሊያስፈልገው ስለሚችል ዓይኑን ያስመርምሩ።

የጆሮ ማዳመጫ የሚጠቀም ከሆነ ድምፁ ከ60 በመቶ አይለፍ። ሁሉም ነገር ቢስተካከልም በየ30 ደቂቃው ተነስቶ ይንቀሳቀስ። ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ወይም ተነስቶ ከተራመደ በኋላም ድንዛዜው ካለቀቀው፣ ምክንያቱ ከወንበር በላይ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ለሐኪም ያሳዩት።