ቀልብ ለመሰብሰብ ሲቀመጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜዲቴሽን ጀምረው በሁለት ሦስት ሳምንት የሚያቋርጡ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «እኔ አልችልበትም፤ ጭንቅላቴ ዝም አይልም።» የማንም ጭንቅላት ዝም አይልም። ልምምዱን የሚያበላሹት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ አብዛኞቹም በአንድ ቀን ይታረማሉ።

እዚህ የምናነሣው ትንፋሽን በመከታተል የሚደረገውን ሜዲቴሽን ነው። ሥሩ ከቡድሂስት መነኮሳት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሕመማቸው ለቆየባቸው ታካሚዎች ሥልጠና አድርጎ ካዘጋጀው ወዲህ ግን ወደ ሆስፒታሎችም ገብቷል። ሥራው አጭር ነው። ጀርባን አቅንቶ መቀመጥ፣ ትንፋሽ ጎልቶ የሚሰማበትን አንድ ቦታ መምረጥ (የአፍንጫ ቀዳዳ ጠርዝ ወይም ሆድ)፣ ቀልብን እዚያ ማሳረፍ፣ ሐሳብ ይዞ ሲሄድ መመለስ። በቃ።

ሐሳብን ለማቆም መታገል

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን «ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ከመጣባችሁ ደወል ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ደጋግሞ ተመታ። ቀጥሎ እንደልባቸው እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ድቡ ከመጀመሪያውም ካልተከለከሉት ተማሪዎች ይልቅ እነሱ ላይ በዛ። አንድን ሐሳብ ለመከልከል አእምሮ «መጣ? አልመጣም?» እያለ ዘብ መቆም አለበት፤ ዘብ መቆሙ ራሱ ሐሳቡን ይጠራዋል። «ምንም አላስብም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ከ10 ደቂቃ በኋላ ግንባሩ ተቋጥሮ የሚነሣው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ነዎት እንበል። የቤት ኪራይ ትዝ ይልዎታል። ከኪራዩ ወደ አከራዩ፣ ከአከራዩ ባለፈው ወር ወደተናገሩት ቃል፣ ከዚያ እርስዎ መልሰው መናገር ወደነበረብዎ ይሻገራሉ። ጥቂት ቆይተው «ለካ ሄጃለሁ!» ይላሉ። የልምምዱ ዋና ቅጽበት ይቺ ናት፤ ነቅተዋልና። ግን ብዙ ሰው ይቺኑ ቅጽበት ያበላሻታል። አንዱ ራሱን ይሰድባል፤ ሌላው «ይቺን ልጨርሳትና እመለሳለሁ» ብሎ ሐሳቡን ይከተላል። የሚሻለው በልብዎ «ሐሳብ» ብለው ስም መስጠት፣ ሳያውቁት የነከሱትን መንጋጋ ማላላት፣ ከዚያም ቀጥሎ የሚወጣውን ትንፋሽ «አንድ» ብሎ መቁጠር ነው። በ10 ደቂቃ 30 ጊዜ የተመለሰ ሰው 30 ጊዜ ሠርቷል፤ ያ መቀመጥ የከሸፈ አይደለም።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር እንጨምር። የሚቆጠረው የሚወጣው ትንፋሽ ነው፤ ከ1 እስከ 10 ደርሶ እንደገና ከ1 ይጀመራል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሪ ላንካ ውስጥ የተጻፈ የመነኮሳት መመሪያ ከ5 በታች እንዳይቆም፣ ከ10 በላይም እንዳይሄድ ያዛል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ቁጥሩ ካጠረ አእምሮ በጠባብ ቦታ እንደታጎረ ይረበሻል፣ ከረዘመ ደግሞ ቀልብ ትንፋሹን ትቶ ቁጥሩን ይይዛል ይላል። ራስዎን «23» ላይ ካገኙት ቁጥሩ ብቻውን እየሄደ ነበር ማለት ነው።

ትንፋሽን ማስገደድ

«በረጅሙ ተንፍስ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው አሳስቷል። አፉን ከፍቶ በኃይል ይስባል፣ በኃይል ያስወጣል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ራሱን ያዞረዋል፤ ጣቶቹንና የከንፈሩን ዙሪያ ይነዝረዋል፤ ልቡ ይመታል። አንዱ «ኃይል ገባብኝ» ብሎ ይደሰታል፤ ሌላው ሊሞት የደረሰ መስሎት ይደነግጣል። የሆነው ነገር ሰውነት ከሚያመርተው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣቱ ነው። እሱ በደም ውስጥ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ነርቮችም ለትንሽ ነገር ይነሣሣሉ። ቆም ብለው በአፍንጫ፣ ቀስ ብለው፣ ጥቂት ጥቂት ሲተነፍሱ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል።

ለመረጋጋት ከሆነ የሚቀነሰው ፍጥነቱ ነው፤ የአየሩን መጠን መጨመር አያስፈልግም። በአፍንጫ 4 ሰከንድ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ያስወጡ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርገዋል፤ ማስወጣቱ እንዲረዝም የሚፈለገው ለዚህ ነው። 6 ሰከንዱ ካስጨነቀዎት 3 እና 4 ያድርጉት፤ አየር እያጠረው የሚረጋጋ ሰው የለም። 5 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሰከንድ መቁጠሩን ይተዉና ትንፋሹን እንደ አመጣጡ ይከታተሉት፤ አጭር ከሆነ አጭር፣ ሻካራ ከሆነ ሻካራ። የመጀመሪያው ሰውነትን የማርገብ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ንቁ ሆኖ ማየትን መለማመድ ነው። ሁለቱን አደባልቆ 20 ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ሲያርም የሚቆይ ሰው ደክሞ ይነሣል።

ዝቅ ያለ መቀመጫ

ዱካና አጭር በርጩማ ለቡና እንጂ ለዚህ አይሆኑም። ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ዳሌ ወደ ኋላ ይዘነበላል፤ ወገብ ይጎብጣል፤ የታጠፈ ሆድም ትንፋሽ ወደ ታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ከ10 ደቂቃ በኋላ በትከሻና በትከሻ መካከል የሚያቃጥለው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። መለኪያው አንድ ነው፦ ዳሌ ከጉልበት ከፍ ይበል። መሬት ላይ ከሆነ ጠንካራ ትራስ ወይም በደንብ የታጠፈ ጋቢ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው ጠርዙ ላይ ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ አየር ላይ ከቀረ ከሥሩ ፎጣ ያስገቡ። ወንበር ላይ ከሆነ ጫማ አውልቀው መርገጫዎን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ያሳርፉ፤ ጀርባዎን ከመደገፊያው ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት። ሶፋ አይመከርም።

እግርን አነባብሮ ጭን ላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ዳሌው ያልተፍታታ ሰው ሲያስገድደው ጫናው የሚያርፈው ጉልበቱ ላይ ነው፤ የተጎዳ ጉልበት ደግሞ ቶሎ አይሽርም። እግር ከደነዘዘ ነርቭ ተጭኗል፤ ቦታ መቀየር ነውር የለውም። ድንዛዜው ሳይለቅ ግን አይነሡ፤ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው ያኔ ነው።

የማይሆን ሰዓት መምረጥ

ምሳ በልቶ ወዲያው የተቀመጠ ያንጎላጃል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ የተቀመጠ ይቁነጠነጣል። የሃርቫርዱ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባዘጋጀው ሰውነትን የማርገቢያ ዘዴ ከምግብ በኋላ 2 ሰዓት እንዲቆይ መክሯል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ደግሞ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ጠዋት ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ስልክ ከመክፈትዎ በፊት ያለው ጊዜ ለብዙ ሰው ይስማማል። አልጋ ላይ ሆኖ መለማመድ ለመተኛት ከሆነ ግሩም ነው፤ ለመንቃት ግን አይሆንም።

እንቅልፍ ከመጣ ዓይን መግለጥና ከፊት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ወለሉን ማየት ይረዳል። ቡድሃ እንቅልፍ ላስቸገረው ሞጋላና ለሚባል ደቀ መዝሙሩ የሰጠው ምክር እስካሁን ይሠራል፦ ጆሮህን ጎትት፣ እጅ እግርህን እሽ፣ ተነሥተህ ዓይንህን በውኃ ታጠብ፣ ቀና ብለህ ሰማይ እይ፣ ወዲያ ወዲህ ተራመድ፤ ሁሉም ካልሠራ በቀኝ ጎንህ ተጋደም። የመጨረሻውን ልብ ይበሉ። የእንቅልፍ ዕዳ ያለበት ሰው መፍትሔው መተኛት ነው።

ከአቅም በላይ መጀመር

ቪፓሳና የሚባለው የቡድሂስት ሜዲቴሽን ሥልጠናዎች 10 ቀን ያለ ንግግር፣ በቀን 10 ሰዓት ያህል መቀመጥ ያለባቸው ናቸው። ገና ቤቱ 10 ደቂቃ ያልተቀመጠ ሰው በዚያ አይጀምር። በየቀኑ 10 ደቂቃ ለአንድ ወር፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20። በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ የዕለቱን 10 ደቂቃ አይተካም። በየሦስት ቀኑ ዘዴ መቀያየርም እንዲሁ አይጠቅምም፤ ማንኛውም ዘዴ መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል፣ የሚቀየረውም ሊገባን ሲል ነው።

ስልክን ሰዓት መያዣ ማድረግ ይቻላል፤ ኢንተርኔቱ ይጥፋ፣ ገጹ ወደ መሬት ይገልበጥ። ከሳምንታት በኋላም ከስልኩ የሚመራዎት ድምፅ ከሌለ መቀመጥ ካልቻሉ ከሁለት ቀን አንዱን ያለ ድምፅ ይሞክሩት።

ብርሃንና ሙቀት ማሳደድ

ቀልብ ሲሰበሰብ አንዳንድ ሰው በተጨፈነ ዓይኑ ብርሃን ያያል፤ ሰውነቱ የሰፋ ወይም የተንሳፈፈ ይመስለዋል፤ እንባ ይመጣበታል። ይህ ያጋጥማል። ስህተቱ በማግሥቱ ያንኑ ፍለጋ መቀመጥ ነው። ትናንት የመጣውን የሚጠብቅ ሰው የዛሬውን ትንፋሽ አያየውም፤ ካልመጣለት ያዝናል፤ ከመጣለትም ራሱን ከሌላው ከፍ አድርጎ ማየት ይጀምራል። ዜን የሚባለው የቡድሂስት ወገን መምህራን እንዲህ ያለውን ነገር አልፈህ ሂድ ይላሉ፤ የግብጽ በረሃ አባቶችም ራእይ አየሁ ለሚል ጀማሪ መነኩሴ ጥንቃቄን ነበር የሚያስተምሩት። የመንፈስ ዕድገት የሚለካው ከተነሡ በኋላ ባለው ውሎ ነው፦ የሚያበሳጭ ስልክ ሲደወል ቁጣው ከአፍ ከመውጣቱ በፊት ታየዎት ወይስ ከወጣ በኋላ? ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ከመጠየቁ ሸሽቶ ዓይኑን ከጨፈነ ልምምዱ መደበቂያ ሆኗል።

ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል መደጋገም

አንዳንድ ዘዴ ከትንፋሽ ይልቅ በሳንስክሪት የሚደጋገም ቃል ይሰጣል። ሃይማኖት የለውም ቢባልም ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ በኒው ጀርሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረውን፣ እንዲህ ባለ ቃል የሚለማመዱትን የትራንሰንደንታል ሜዲቴሽን ትምህርት ሃይማኖታዊ ነው ያለው የመግቢያ ሥርዐቱን ጭምር አይቶ ነው። ቃል መደጋገም የሚረዳው ሰው በገዛ እምነቱ በቂ ሀብት አለው፤ የኦርቶዶክስ ምእመን በ41 ወይም በ64 ፍሬ መቁጠሪያው ይጸልያል፣ ሙስሊሙ ከሶላት በኋላ ዚክሩን 33 ጊዜ ይደጋግማል። ግን ጸሎትን የነርቭ ማርገቢያ ብቻ አድርጎ መያዝም ያሳንሰዋል። ትንፋሽ መከታተል ከጸሎት በፊት ለ5 ደቂቃ ሆኖ ልብን ቢሰበስብ ይበቃዋል።

ፍርሃት ሲጨምር መጽናት

«ታግሠህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ለጉልበት ማሳከክ እንጂ ለሁሉም አይሠራም። ጦርነት፣ ስደት ወይም ጥቃት ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ ሲያይ ትዝታው ሊወረው ይችላል፤ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ክፍሉ የጠበበ ይመስለዋል። ያኔ ዓይንዎን ይግለጡ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚያዩትን 5 ነገር በስሙ ይጥሩ፤ መርገጫዎን መሬት ላይ ጫን ያድርጉ፤ ይቁሙና ይራመዱ። በሚቀጥለው ቀን ከትንፋሽ ይልቅ የእግርን እርምጃ ይከታተሉ፣ 5 ደቂቃ ብቻ፣ በብርሃን። ከተደጋገመ ግን ልምምዱን አቁመው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ድብርትን ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመምን በመድኃኒት የሚቆጣጠር ሰው ደግሞ «ሜዲቴሽን ረዳኝ» ብሎ ሐኪሙ ሳያውቅ አንዲት ፍሬ ኪኒን እንኳ አይቀንስ፤ ከመጀመሩ በፊትም ለሐኪሙ ይንገረው።