ጎረቤት ችግሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገር

እርዳታ መጠየቅ ከባድ ነው። ሰው እንደምንም ደፍሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። መጀመሪያ በር ላይ ለሚያገኘው ሰው ይናገራል። ያ ሰው ወደ ጸሐፊዋ ይልከዋል፤ እሷ ደግሞ "ኮሚቴው ሲሰበሰብ ና" ትለዋለች። ኮሚቴው ፊት ቆሞ ሦስተኛ ጊዜ ገመናውን ይዘረግፋል። አንዳንዱ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል። ደጅ መጥናት የማይችል ሰው ተርቦ ቤቱ መቀመጥን ይመርጣል።

በአጥቢያችን የበጎ አድራጎት ክፍል ለዓመታት አገልግያለሁ። አዲስ ለሚጀምሩ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጎረቤታችሁ ችግሩን አንዴ ብቻ እንዲናገር አድርጋችሁ ሥራውን አዋቅሩት።

ከሰው ምርጫ ጀምሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አብራችሁ አንብቡ። በኢየሩሳሌም የዕለት እርዳታ ሲታደል የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተረሱና ቅሬታ ተነሳ። ሐዋርያትም ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን የተመረጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ኮሚቴያችሁ ውስጥ ችግርን በራሱ ያየ፣ ቢቻል ቀድሞ እርዳታ የተቀበለ ሰው ይኑር። ሌሎቻችን የማናስተውለውን እሱ ያስተውላል።

ከመካከላችሁ ሁለት አድማጮች መድቡ። አንዷ ሴት ብትሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ለወንድ የማይነገር ነገር አለ። የሚያነጋግሩበት ክፍል በሩ የሚዘጋ፣ መተላለፊያ ያልሆነ ይሁን። ስማቸውንና ስልካቸውን ምእመናኑ ሁሉ ይወቅ። ከዚያ ማንም ሰው ሲጠየቅ መልሱ "እነሱን አነጋግር፣ ልውሰድህ" ብቻ ይሆናል።

ጥያቄዎቹ ጥቂት ይሁኑ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ? ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ ታማሚ አለ? ዛሬ ማታ የሚበላ አለ? ቶሎ መከፈል ያለበት የቱ ነው? ይኼ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ነገር ይከፍታል። አንድ አባት ዱቄት ፈልገው መጡ። ረጋ ብለን ስንሰማቸው የኪራዩን ገንዘብ ለመድኃኒት አውለውት ኖሯል። ዱቄቱን ብቻ ሰጥተናቸው ቢሆን በወሩ መጨረሻ ዱቄቱን ይዘው ጎዳና ላይ ነበሩ።

ቤት ድረስ ሄዶ "ማጣራት" የሚባለውን ነገር አልወደውም። ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ያበደረ ሰው መያዣ ለመውሰድ እንኳ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዟል። አበዳሪ እንዲህ ከተባለ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ጓዳ ከፍቶ ማየቱ ምን ይባላል? ከተጋበዛችሁ ግቡ። ካልሆነ የኪራይ ውል ወይም የሐኪም ወረቀት ማየት ይበቃል።

ውሳኔውን ለሁለት ክፈሉት። ምግብ ለጠየቀ በዚያው ቀን ይሰጠው፤ አድማጮቹ ማንንም ሳይጠይቁ። ለዛሬ ራት የሌለው ቤት ስብሰባ አይጠብቅም። ገንዘብ ሲሆን ግን ኮሚቴው በሳምንት ውስጥ ይወስን። ጉዳዩን የሚያቀርቡት አድማጮቹ ናቸው፤ ባለጉዳዩ አይጠራም። ስሙም በቁጥር ይተካ። ማንነቱን ሳያውቁ መወሰን ለአድልዎ ትልቅ መድኃኒት ነው።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ቤቱ የተረፈውን ያመጣል፤ እኛም የመጣውን እንሰጣለን። መሆን ያለበት ግን ቤቱ ውስጥ የሚበስለውን መስጠት ነው። ደረቅ ጥራጥሬ ርካሽና ገንቢ ነው። ነገር ግን ማገዶ ወይም ጋዝ ለሌለው ቤት ሸክም ነው። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ በደንብ ካልበሰለ ሆድ ያውካል። ለሰዓታት ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መብሰል አለበት። ስለዚህ ከረጢት ከማዘጋጀታችሁ በፊት "በምን ታበስላላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥርስ ለሌላቸው እናት ለስላሳ ነገር፣ ለስኳር ታማሚ ስኳርና ጣፋጭ የሌለበት፣ ለደም ግፊት ታማሚ ጨው የበዛበትን ያልያዘ ከረጢት ይዘጋጅ። ቀኑ ያለፈበት የሕፃን ወተት ለማንም አይሰጥም፤ "አንድ ቀን ነው ያለፈው" ቢባል እንኳ።

መጋዘኑ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። እህሉ መሬት አይንካ፤ ከግድግዳም ራቅ ይበል። ቀኑ ቀድሞ የሚያልፍበት ከፊት ይቀመጥ። የበሰለ ምግብ የምታድሉ ከሆነ ትኩሱ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቆይ። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ውጭ የዋለውን አትስጡ።

ሰልፍ አታሰልፉ። ለእያንዳንዱ ቤት የተለያየ ሰዓት ስጡ፣ ወይም ከረጢቱን አመሻሽ ላይ አድርሱ። ከረጢቱ ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ስም አይጻፍበት። ፎቶ ደግሞ በፍጹም! ለጋሾች ቢጠይቁም የመጋዘኑን መደርደሪያ አንስታችሁ ላኩላቸው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኪራይ፣ መብራት፣ መድኃኒት ሲሆን በቀጥታ ለሚከፈለው አካል መክፈል የተለመደ ነው። ግን መጀመሪያ ባለጉዳዩን ጠይቁት። አከራዩ "የቤተ ክርስቲያን ተረጂ ነው" ብሎ እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው አለ። እሱ ራሱ ይክፈልና ደረሰኙን ያምጣ፤ ያው ነው። ጥሬ ገንዘብ መስጠትም ነውር አይደለም። እናት ለልጇ ጫማ ይሻል ወይስ ትራንስፖርት የሚለውን ከእኛ በላይ ታውቃለች።

ብድር ግን አትበሉት። መክፈል ያቃተው ሰው እኛን ማየት ያፍርና ከቅዳሴውም ከጸሎቱም ይቀራል። ስጡና ጨርሱ። ኑሮው ከተመለሰለት መባ ይሰጣል።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም። በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8 ላይ ማንም እንዳይነቅፋቸው ሲጠነቀቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡትን ወንድም አብሮ ሲልክ እናያለን። እናንተም የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ሁለት ፈራሚ ይኑር፤ ባልና ሚስት ወይም ወንድማማች አይሁኑ። ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ሒሳብ የሚመዘግበው ሰው አይሁን። ስሙ ባይጠራም ጉዳዩ የዘመዱ መሆኑን ያወቀ አባል ከክፍሉ ይውጣ። ለአንድ ቤት በዓመት እስከ ስንት እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ጎበዝ ተናጋሪ ሁሉንም ይወስደዋል፣ ዝምተኛው ባዶ እጁን ይቀራል።

የእናንተ አባል መሆን አለመሆኑን አትጠይቁ። እምነቱንም አትጠይቁ። ጸሎት ከፈለገ አብራችሁ ጸልዩ፤ ከረጢቱን ለመውሰድ ግን ስብከት መስማት ግዴታ አይሁንበት።

የማትችሉት ነገር ሲመጣ ቶሎ "አንችልም" በሉ። ነገ ዛሬ እያሉ ማቆየት ከእምቢታ ይከፋል። የሚችል ድርጅት ካወቃችሁ ስልክ ሰጥታችሁ ብቻ አትሸኙት። እሱ ፈቅዶ እናንተ ደውሉ፣ ጉዳዩን እናንተ አስረዱ፣ ቀጠሮውንም እናንተ ያዙለት።

መዝገቡ ቁልፍ ባለው ሳጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉም ከሁለቱ አድማጮች እጅ አይውጣ። በየሦስት ወሩ ለምእመናኑ ስንት ቤት እንደተረዳ፣ ስንት ገንዘብ ገብቶ ስንት እንደወጣ፣ ምን እንደጎደለ ንገሯቸው። በተለይ የጎደለውን። "ዘይት አልቋል፣ ለሚቀጥለው ወር የሚበቃ የሕፃን ወተት የለንም" ስትሉ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።