ሁለት መስመር በአንድ ግድግዳ፦ የጥቁር ሕዝብን ታሪክ ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ እንዴት መማር ይቻላል?

ልጄ አራተኛ ክፍል ሳለ በፌብሩዋሪ፣ አሜሪካ የጥቁር ሕዝብን ታሪክ በምታስብበት ወር፣ አንድ የቤት ሥራ ይዞ መጣ። «በ1963 የዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ሲደረግ አያትህ የት ነበሩ? ጠይቀህ ጻፍ» ይላል። ሰልፉ ጥቁር አሜሪካውያን ለእኩልነት የወጡበት ነው፤ እናቴ ግን ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነበረች። «እንግዲያው የእኛ ታሪክ አይደለም ማለት ነው?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። መልሱን ስንፈልግ ቤታችን ውስጥ የሠራነውን ላካፍላችሁ። አሜሪካ ለምንኖር ወላጆች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ልጆቻችን ከደጅ ሲወጡ የሚታዩት እንደ ጥቁር ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ አፋችንን እናጽዳ

ጥቁር አሜሪካውያንን «ባሪያ» ብሎ መጥራት በየቤታችን አለ። ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም ብለን እንናገረዋለን፤ እነሱ ግን ቀድመው የሚለቅሙት ይህንኑ ቃል ነው። ቃሉን ይዘነው የመጣነው ከአገራችን ነው። ኢትዮጵያ ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1942 ነው፤ አሜሪካ በ1865 ከሻረች ከ77 ዓመት በኋላ። ለልጄ ከነገርኩት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። ግን ይህን ደብቆ የሌላውን አገር በደል ማስተማር አይቻልም።

2. ሁለት መስመር አስምሩ

ሳሎን ግድግዳ ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፉ፤ የስጦታ መጠቅለያ ጀርባው ይበቃል። የላይኛው መስመር የአሜሪካ፣ የታችኛው የኢትዮጵያ ይሁን። በአንድ እሑድ አንድ ዓመት ብቻ ያዙ። ቡናው እስኪፈላ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ አዋቂው ያወራል።

በ1896 ጀምሩ። ታች ዓድዋ ይጻፋል። ላይ ደግሞ፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌሲ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ፤ ጥቁርና ነጭ በባቡር ውስጥ ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድደውን የሉዊዚያና ሕግ አጸና። ከዓድዋ ድል ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሁለቱን ላይና ታች ሲያዩ፣ ዓድዋ እዚህ ላሉት ጥቁሮች ምን ማለት እንደነበረ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ቀጥሎ 1935። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሰፈር የሆነው የሐርለም ሕዝብ በሺዎች ሰልፍ ወጣ፤ እንዝመት ያሉትን የአሜሪካ ሕግ ከለከላቸው። ጆን ሮቢንሰን ግን ወረራው ሳይጀመር አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ሚሲሲፒ ያደገ መካኒክ ነው፤ ቺካጎ ውስጥ ጥቁር ስለሆነ አንቀበልህም ያለው የበረራ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ፣ እየጠረገ ትምህርቱን ያዳምጥ ነበር። የኢትዮጵያን አየር ኃይል መራ፤ ከድል በኋላ ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ እዚያው አዲስ አበባ ሞተ። ልጄ ስሙን በሁለቱም መስመር ላይ ጽፎ በቀስት አገናኘው።

1965ን አትዝለሉ። በኦገስት የመምረጥ መብት ሕግ፣ በኦክቶበር አዲሱ የኢሚግሬሽን ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት፣ በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። በሩ የተከፈተልን የሲቪል መብት ትግሉ በዘር መለየትን ባሳፈረበት ዘመን ነው። ከሥሩ የራሳችሁን ጻፉ፦ ከቤተሰቡ ማን ቀድሞ መጣ? መቼ? በስደት፣ በትምህርት ወይስ በዲቪ?

3. የኖሩበትን ሰዎች ቃል አንብቡ

ይህ ከፍ ላሉት ልጆች ነው። ከ1936 እስከ 1938 መንግሥት የቀጠራቸው ጸሐፊዎች በባርነት የኖሩ ከ2,300 በላይ አረጋውያንን አነጋግረው ቃላቸውን መዝግበዋል። በኮንግረስ ላይብረሪ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል። ግርፋትና ከእናት መነጠል ስላለበት ወላጅ አስቀድሞ አንብቦ ይምረጥ፤ ለአንድ ቀን ሁለት ገጽ ይበቃል። ከጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች እንደነበሩም ንገሯቸው። ያኔ «ሽማግሌው ምን ሳይናገሩ ቀሩ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ።

4. ከቤት ውጡ

ዋሽንግተን አካባቢ ካላችሁ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች የበዙበት ዩ ስትሪት ታላቁ የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። ትንሽ እልፍ ስትሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን ታገኛላችሁ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ያስተባበረው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረበት።

5. ጎረቤት ቡና ጥሩ

እኛ ከጎናችን የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ጠራን። ልጆቹ ወዲያው በጥያቄ እንዳያጣድፏቸው አስጠንቅቁ፤ አቦሉ ይጠጣ፣ ፈንዲሻው ይበላ። እኛ ቤት ቶናው ሲቀዳ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ግድግዳው ጋ ሄዱና 1963 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ማርከር አንሥተው አላባማ ያለችውን የልጅነት መንደራቸውን ስም በላይኛው መስመር ጻፉ። እናቴም ተነሥታ ከሥሩ «ደብረ ብርሃን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሁለቱ ማውራት ጀመሩ፤ ልጄ መካከላቸው ቆሞ ያስተረጉማል።