ተማሪን ከወንበሩ የሚያስነሳ የኦንላይን ትምህርት፦ በኤአር እንዴት ይዘጋጃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ በኦንላይን የሚማር ልጅ ግን ጠዋት የተቀመጠበትን ወንበር እስከ ምሳ ላይለቅ ይችላል። በስልክ ካሜራ በሚታየው ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ምስል የሚያስቀምጠው አውግመንትድ ሪያሊቲ (ኤአር) ልጁን ሊያስነሳው ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን መምህሩ ጥያቄውን ተቀምጠው የማይመልሱት አድርጎ ሲያዘጋጀው ብቻ ነው። ምስሉን በጣት ማዞር ከተቻለ ማንም አይነሳም።

የሰውን ልብ እንውሰድ። የልቡ ምስል በሳሎኑ ወለል መካከል አንድ ሜትር ያህል ቁመት ይዞ እንዲቆም ያድርጉ። ከዚያም ተማሪው ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተከትሎ፣ ከላይኛው የቀኝ ክፍል ወደ ታችኛው፣ ወደ ሳንባ፣ ተመልሶም በግራ በኩል ደሙን ከልብ ወደ ሰውነት እስከሚያወጣው ትልቅ የደም ቧንቧ (አኦርታ) ድረስ ምስሉን እየዞረ በቃሉ እንዲያስረዳ ይጠይቁት። ፊት ለፊት ለቆመ ልጅ የልቡ ግራ በራሱ ቀኝ በኩል ስለሚታየው ይደናገራል፤ ዞሮ ከኋላ ሲቆም ግን የራሱ ግራና የልቡ ግራ ይገጥሙለታል። ከትምህርቱ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ መልሱን ያገኘው በእግሩ ነውና።

ምስሉን የሚያሳየው የስልክ መተግበሪያ ቦታውን የሚለየው ካሜራው በሚያያቸው ምልክቶችና በስልኩ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች ስለሆነ፣ ባዶ ነጭ ግድግዳ፣ የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ወይም ደብዛዛ ብርሃን ምስሉን ከቦታው ያንሸራትተዋል፤ ጥለት ያለው ምንጣፍ ወይም ወለል ላይ የተዘረጋ ጋዜጣ ያረጋጋዋል። ብዙዎቹ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች ኤአርኮር የተባለውን የጉግል አገልግሎት ስለሚፈልጉ፣ የተማሪዎቹ ስልኮች ይህን እንደሚደግፉ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በዳታ የሚማሩትም መተግበሪያውን በዋዜማው አውርደው ይጠብቁ።

ከመጀመሩ በፊት ወለሉ ይጽዳ፤ ደረጃ፣ በረንዳና ምድጃ ባለበት አካባቢ ፈጽሞ አይሞከር። መራመድ ለማይችል ተማሪ ምስሉን አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና ስልኩን በክንድ እያዞሩ መመልከት ይቻላል። ስልኩ የማይደግፍለት ልጅ የልቡን ክፍሎች በጠመኔ ወለል ላይ ስሎ በዚያው መንገድ ይራመድ፤ ጥያቄው አይለወጥም። መልሱን በድምፅ ቀድተው ይላኩ እንጂ የቤታቸውን ቪዲዮ አይጠይቋቸው።